የሠፈር የዓይን ልየታና የታካሚ ታሪክ፦ የተለየው ሰው ሕክምናው ዘንድ እንዲደርስ ምን እናድርግ?

ብሌን_02

ሰላም ለሁላችሁ። የዓይን ክሊኒኮች ወደ ሠፈር ወጥተው ልየታ (የእይታ ችግር ያለበትን ሰው የመለየት ምርመራ) ሲያደርጉ፣ በኋላም የታካሚዎቻቸውን ታሪክ ለሌላው ሲያካፍሉ የሚደጋገም ጉድለት አለ። ልየታው በመጣው ሰው ብዛት ይመዘናል፤ ታሪኩ ደግሞ በሚያስለቅሰው ልክ። ሁለቱም መመዘኛ ስህተት ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ችግሩ የሚታከም ሆኖ ሳለ ቤቱ የተቀመጠው ሰው በመጨረሻ ሕክምናው ዘንድ ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእይታ ሪፖርት ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰው የቅርብ ወይም የርቀት እይታ ችግር አለበት። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ችግር ቀድሞ ሊከላከሉት የሚቻል የነበረ ወይም እስካሁን ያልታከመ ነው። ግንባር ቀደሞቹ መንስኤዎች ደግሞ በመነፅር ያልተስተካከለ እይታና የዓይን ሞራ ግርዶሽ ናቸው። ለሁለቱም መፍትሔው ይታወቃል፤ የጎደለው ሰውየውና መፍትሔው የሚገናኙበት መንገድ ነው።

ለመነሻ የልየታውን ቅደም ተከተል ላስቀምጥ፤ የጎደለውን ሙሉበት።

ለአንድ መለኪያ ቦታ ቢያንስ 3 ሰው ያስፈልጋል፦ መዝጋቢ፣ እይታ የሚለካና ውጤቱን አይቶ የሚወስን ባለሙያ። ሁለቱ በጎ ፈቃደኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስተኛው ግን አይሆንም። ከሰውየው እስከ ፊደል ሰሌዳው ያለው ርቀት በእርምጃ ሳይሆን በገመድ ይለካ። 6 ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉ ላይ ቋጠሮ ያለው፣ የማይለጠጥ ይሁን። ሰሌዳው ብርሃን ፊት ለፊት የሚያርፍበት፣ ከጀርባው መስኮት የሌለበት ግድግዳ ላይ፣ በተቀመጠው ሰው ዓይን ከፍታ ይሰቀል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ሰሌዳ ያብረቀርቃል፤ ጥላ ያረፈበት ደግሞ ጤነኛውን ሰው ደካማ ያስመስለዋል።

መጀመሪያ ቀኝ ዓይን፣ ቀጥሎ ግራ። የርቀት መነፅር ያለው መነፅሩን አድርጎ ይለካ። ኢ ፊደል ወዴት እንደዞረች በእጅ የሚያሳዩበትን ሰሌዳ ከተጠቀማችሁ አቅጣጫዎቹ 4 ስለሆኑ በግምት ብቻ ከ4 አንዱ ይመታል። ስለዚህ በአንድ ፊደል አትፍረዱ፤ ከመስመሩ 5 ፊደላት 4ቱን የመለሰ አለፈ በሉ። የ6/12 መስመርን (ጤነኛ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ማንበብ) በአንዱ ዓይን እንኳ ያላለፈ በፒንሆል፣ ማለትም ትንሽ ቀዳዳ ባለው መሸፈኛ እያየ፣ ይደገም። ቀዳዳው 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በፒንሆል እይታው ከተሻሻለ ችግሩ መነፅር የሚፈታው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ካልተሻሻለ የዓይን ሞራ፣ ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ)፣ የሬቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ወይም የኮርኒያ (ከዓይን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ችግር ስለሚጠረጠር ወደ ሐኪም ይላካል።

መነፅር_ቆራጭ

ስለ ሰሌዳው አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የሆላንዱ ሐኪም ሄርማን ስኔለን በ1862 እ.ኤ.አ. ሰሌዳውን ሲሠራ መሠረት ያደረገው የፊደሉ ቁመት ከተወሰነው ርቀት ላይ 5 የማዕዘን ደቂቃ (አንድ ደቂቃ የዲግሪ 1/60 ነው) እንዲይዝ ነው። ስለዚህ ቁመቱ በማስመሪያ ሊረጋገጥ ይችላል። በ6 ሜትር ሰሌዳ የ6/60 ፊደል 87 ሚሊ ሜትር፣ የ6/18 26 ሚሊ ሜትር፣ የ6/12 17.5 ሚሊ ሜትር፣ የ6/6 ደግሞ 8.7 ሚሊ ሜትር ነው።

ሰሌዳ ከኮምፒውተር አውጥተው የሚያትሙ ሰዎች ገጹን ከወረቀቱ ጋር እንዲያመጣጥን ማሽኑን ያዛሉ፤ ፊደሉ በዚያው ይቀንሳል። ትንሽ የቀነሰ ፊደል በአንድ ሰው ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ልየታው ሲያልቅ ግን ክሊኒኩ በማያስፈልግ ሪፈራል ይጨናነቃል፣ በእውነት የታመመው ሰው ወረፋም ይረዝማል። ማስመሪያ ይዛችሁ ቢያንስ የላይኛውንና የ6/12ን መስመር ለኩ።

አዲስ_ጀማሪ

ለማብራሪያው አመሰግናለሁ። 6 ሜትር የሚሆን ክፍል ባይገኝስ? ያንኑ ሰሌዳ በ3 ሜትር መጠቀም ይቻላል?

መነፅር_ቆራጭ

@አዲስ_ጀማሪ ያንኑ ሰሌዳ አይቻልም። በ3 ሜትር ሲነበብ ፊደሉ ለዓይን እጥፍ ይተልቃልና ደካማው ሁሉ ያልፋል። ለ3 ሜትር የተሠራ ሰሌዳ ተጠቀም፤ የፊደሎቹ ቁመት ከላይ ከጠቀስኩት ግማሽ ነው፣ ለምሳሌ የ6/12 መስመር 8.7 ሚሊ ሜትር። በዚህ አጭር ርቀት ግን ሰውየው አንገቱን ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ቢያስረዝም ስህተቱ ከ6 ሜትሩ ይልቅ ይከብዳል። ወንበሩ መደገፊያ ያለው ይሁን፣ ጀርባውንም እንዲያስደግፍ ንገረው።

ሲስተር_ዘ

በመሸፈኛው ላይ እኔም ልበል። ዓይን በጣቶች ከተሸፈነ በጣቶቹ መካከል ይታያል። በመዳፍ ተጭኖ ከተሸፈነ ደግሞ ቀጥሎ የሚለካው ዓይን ለጊዜው ይደበዝዛል። መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ሳይጫን ይሸፍን፣ ወይም ንጹሕ ካርቶን ይያዝ። ካርቶኑ በየሰዉ ይቀየር፤ ዓይኑ የቀላና ፈሳሽ የሚወጣው ሰው ከነካው ደግሞ ወዲያው ይጣል። አንድ ሰው ይዞት የመጣው የዓይን ልክፍት በዚያው ካርቶን ለወረፋው ሁሉ ሊዳረስ ይችላል።

የሰዓት ስሌትም ያስፈልጋል። ሁለቱን ዓይን መለካት፣ ፒንሆሉና ምዝገባው ለአንድ ሰው እስከ 4 ደቂቃ ይወስዳል፤ በ4 ሰዓት ሥራ አንድ ቦታ 60 ሰው ነው። 300 ሰው ጠርቶ 2 ቦታ መክፈት ማለት ከሰዓት በኋላ ሁሉም በችኮላ ይለካል ማለት ነው። በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ የሚውለውን የዓለም የእይታ ቀን (በጎርጎርዮሳዊው ኦክቶበር ሁለተኛው ሐሙስ) አስታከው አንድ ግዙፍ ዘመቻ የሚያደርጉ አሉ። በኔ እምነት በየወሩ 60 ሰው በጥንቃቄ ማየት ይበልጣል፤ ክሊኒኩ ሊያክም የሚችለውን ያህል ብቻ ነው መለየት ያለበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሪፈር የተደረገ ሰው አለመምጣቱ የልየታ ትልቁ ቀዳዳ ነው። «ወደ ክሊኒክ ይሂዱ» የሚል ወረቀት ብቻ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ አይሄድም። ምክንያቶቹ ደግሞ ግልጽ ናቸው፦ የሚያደርሰው ሰው የለም፣ ቀዶ ሕክምና ይፈራል፣ ስንት እንደሚከፍል አያውቅም፣ ወይም አንዱ ዓይኑ ስለሚያይ ነገ ይደርሳል ይላል። ለእያንዳንዱ መልሱ ልየታው ቦታ ላይ መሰጠት አለበት፦

ወረቀቱ ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፍ፤ «በሚመቻችሁ ጊዜ» አይባል። የራሱ ስልክ ብቻ ሳይሆን ይዞት የሚመጣው የቤተሰብ ሰው ስልክም ይመዝገብ፤ ማየት የተሳነው ሰው ስልኩን ራሱ ላያነሳ ይችላል። የምርመራውና የሕክምናው ክፍያ፣ ነፃ ከሆነም ነፃ መሆኑ፣ በቃል ይነገረው። ከቀጠሮው 2 ቀን በፊት ይደወል። ከቀረ በሳምንት ውስጥ እንደገና ይደወልና ምክንያቱ ይመዝገብ። ያ የምክንያት ዓምድ ለቀጣዩ ወር ዕቅድ ከማንኛውም ስብሰባ ይሻላል።

ብሌን_02

ሲስተር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። በዚሁ ላይ የመዝገቡን ዓምዶች ልጨምር፦ የታየ፣ ሪፈር የተደረገ፣ ክሊኒክ የደረሰ፣ የታከመ፣ ከሕክምና በኋላ ያለው እይታ። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2021 እ.ኤ.አ. ለ2030 ያጸደቀው ግብም የሚቆጥረው «ውጤታማ» ሽፋንን ነው፦ ቀዶ ሕክምናው መደረጉ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ጥሩ ማየቱ ይቆጠራል። መዝገባችንም እንደዚያው ይሁን።

ዶክተር_ሬቲና

ሁለት ነገር። የመጀመሪያው የዓይን ግፊት ነው። በልየታ ላይ ግፊት ብቻ ለክቶ «ግላኮማ የለብዎትም» ማለት አደገኛ ነው። የተለመደው መጠን ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ነገር ግን ግላኮማ ያለባቸው ብዙ ሰዎች በአንድ ልኬት ከ21 በታች ይገኛሉ። ግፊቱ በቀኑ ውስጥ ይለዋወጣል፣ ቀጭን ኮርኒያም ልኬቱን ዝቅ ያደርገዋል። የዓይን ነርቩ ራስ ሳይታይ ዋስትና አይሰጥም። ጊዜና ባለሙያ ከሌለ፣ ከመለኪያው ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ አለበት? አዎ ያለ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው እይታው 6/6 ቢሆንም ሙሉ ምርመራ ይላክ። ግላኮማ የመሃሉን እይታ እስከ መጨረሻ ሊተወው ስለሚችል ሰሌዳው አያጋልጠውም።

ሁለተኛው የስኳር ሕመም ነው። ስኳር ያለበት ሰው እይታው ደህና ቢሆንም ሬቲናው በየዓመቱ መታየት አለበት። ሬቲናው በብሌን ማስፊያ ጠብታ የሚታይ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይኖራል፤ ከዚያም ለሰዓታት ቅርቡ ይደበዝዛል፣ ብርሃንም ያስቸግራል። መኪና እየነዳ እንዳይመጣ አስቀድሞ ይነገረው። ሳይነገረው የመጣ ሰው ጠብታውን እምቢ ብሎ ይመለሳል፣ ሌላ ቀጠሮም ላይመጣ ይችላል።

ከዚህ ውጭ ቀጠሮ የማይጠብቁም አሉ፦ በድንገት የጠፋ እይታ፣ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ወይም አዲስ የመጣ ብልጭታ፣ የሚያም ቀይ ዓይን እይታው ቀንሶ ከሆነ፣ ዓይን ውስጥ የገባ ኬሚካል። የመጨረሻው ላይ መጀመሪያ ውኃ ነው፤ ሪፈራሉ ሳይጻፍ፣ ስሙ ሳይመዘገብ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ቢቻል ለ30 ደቂቃ ዓይኑ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

የልጆች_ዓይን

ዶክተር ያልነኩት የልጆችን ጉዳይ ነው። ልጅ ወረፋ ላይ ሆኖ የፊቱን ልጅ መልስ ይሸመድዳል። ሰሌዳው ከወረፋው እይታ ውጭ ይሁን፣ ወይም እየተገለበጠ ይሰቀል። ለልጅ ከ6/12 ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል የ2 መስመር ልዩነት ካለ ይላክ፤ ሰነፍ ዓይን (አምብሊዮፒያ) የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ጊዜ ወሳኝ ነው፤ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት የተጀመረ ሕክምና በጣም የተሻለ ውጤት አለው። ለወላጅ የምታስረዱም «ጤነኛው ዓይኑ ቀኑን ሙሉ ይሸፈንለት» እያላችሁ አታስፈራሩ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት በሆኑ መካከለኛ አምብሊዮፒያ ባለባቸው ልጆች ላይ በቀን የ2 ሰዓት መሸፈኛ ከ6 ሰዓቱ ጋር ተመሳሳይ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል። የሰዓቱን ልክ ሐኪሙ ይወስናል፤ 2 ሰዓት መሆኑን የሰማ ወላጅ ግን ሥራውን ይችለዋል።

ሌላው፣ በእጅ የሚያዘው አውቶሪፍራክቶሜትር (የመነፅር ቁጥር የሚለካ መሣሪያ) ነው። ማስፊያ ጠብታ ሳይደረግ ልጅ ላይ ከተለካ የልጁ ዓይን ቅርብ ስለሚያነጣጥር የሌለ ማይነስ (ርቀት ለማየት የሚቸገር ሰው የመነፅር ቁጥር) ያሳያል። በዚያ ቁጥር መነፅር አይታዘዝ። የሕፃን ብሌን በብርሃን ወይም በፎቶ ነጭ ሆኖ ከታየ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው፤ የሬቲና ካንሰር ሊሆን ይችላል።

አዲስ_ጀማሪ

መነፅር በቦታው ማደል ይመከራል? የተለገሱ አሮጌ መነፅሮችም ይመጣሉ።

መነፅር_ቆራጭ

የተለገሰ አሮጌ መነፅር አይመከርም። የሌላ ሰው ቁጥር፣ የሌላ ሰው የብሌን ርቀትና የተቧጨረ ሌንስ ነው፤ ለመለየትና ለማጠብ የሚጠፋው ሰዓት ከአዲሱ ዋጋ ይበልጣል።

ለንባብ የተዘጋጀ አዲስ መነፅር ግን ይታደል፤ ሁኔታው ከታች ባለው ልክ ከሆነ። መጀመሪያ ርቀቱ ይለካ። ርቀቱ ደካማ የሆነ ሰው የንባብ መነፅር ይዞ በደስታ ከሄደ፣ ሞራው ወይም ግላኮማው ሳይታይ ቀረ ማለት ነው። ርቀቱ ደህና ከሆነ በ40 ሴንቲ ሜትር ይሞከር። በ40ዎቹ መጀመሪያ +1.00፣ በ40ዎቹ መጨረሻ +1.50፣ በ50ዎቹ +2.00፣ ከ60 በላይ +2.50 መነሻ ነው፤ ከዚያ በሥራው ርቀት ያስተካክሉ። መርፌ የሚይዝና ኮምፒውተር የሚያይ እኩል ቁጥር አይፈልጉም። ጥርጣሬ ካለ ዝቅተኛውን ስጡ። ለርቀት የተዘጋጀ መነፅር የሚታደለው በሁለቱ ዓይን መካከል ልዩነቱ ከ0.50 ዳዮፕተር (የመነፅር ቁጥር መለኪያ) ያልበለጠ፣ አስቲግማቲዝሙም (ዓይን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ባለማጠፉ የሚመጣ ብዥታ) ከ0.75 ያላለፈ ሲሆን ነው። ሌላው ተሠርቶ ይምጣ።

የሰነድ_ክፍል

ስለ ታካሚ ታሪክ እስካሁን ማንም አልጻፈም፤ እኔ ልጀምር።

ታሪክ እንዲነገር መጠየቅ ከሕክምና ፈቃድ ተለይቶ በሌላ ወረቀት ይሁን። ከቀዶ ሕክምና በፊት አይጠየቅ፤ እምቢ ካልኩ ሕክምናዬ ይጓደላል ብሎ ሊሰጋ ይችላል። ያከመው ሐኪምም አይጠይቅ፤ ያየለትን ሰው እምቢ ማለት ለማንም ይከብዳል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ፣ የመጨረሻው ክትትል ሲያልቅ፣ በሕክምናው ያልተሳተፈ ሠራተኛ ይጠይቅ። ወረቀቱ በትልቅ ፊደል (18 ነጥብ ያላነሰ) ይታተም፤ ጮክ ተብሎም ይነበብለት። ማንበብ የማይችል በአሻራ ይፈርም፣ የክሊኒኩ ሠራተኛ ያልሆነ ምስክር ባለበት።

ፈቃዱም ነጠላ አይሁን፤ ተለያይቶ ይጠየቅ፦ ጽሑፍ ብቻ? ስም ይጠቀስ? ፎቶ? ድምፅ? በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ብቻ ወይስ በማኅበራዊ ሚዲያም? ብዙ ሰው ግድግዳው ላይ ይስማማል፣ በስልክ ላይ መዞሩን ግን አይፈልግም። ስም መደበቅ ብቻውን ማንነት አይደብቅም፤ ሠፈሩ፣ ሙያው፣ ዕድሜውና የልጆቹ ቁጥር ከተጻፈ ጎረቤት ያውቀዋል።

ፋኖስ

በዚህ ላይ በትሕትና ልለይ። ፋሻ ሲፈታ ያለው ቅጽበት ከሁሉ በላይ ያስተምራል። ያ ቪዲዮ ፈሪውን ሰው ያመጣል። 6 ሳምንት ቆይቶ የሚወሰድ ታሪክ ያን ኃይል የለውም።

ዶክተር_ሬቲና

@ፋኖስ ሐሳብህ ይገባኛል፤ ሆኖም ሦስት ችግር አለው። በማግስቱ ኮርኒያው ሊያብጥ ስለሚችል የአንዳንዱ እይታ ገና ደብዛዛ ነው፤ ካሜራ ፊት ለፊት ማየት ያልቻለ ሰው ውርደት ይሰማዋል፣ ወይም ያላየውን አየሁ ይላል። ቪዲዮውን የተመለከተው ቀጣዩ ታካሚ በበኩሉ ወዲያው ጥርት ብሎ ይታየኛል ብሎ ይመጣና ሲደበዝዝበት ቀዶ ሕክምናው እንደተበላሸ ያስባል። ደግሞም ያ ሰዓት ለጠብታ ትምህርት የሚያስፈልግ ሰዓት ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሕመም፣ መቅላትና የእይታ መቀነስ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መምጣት እንዳለበት የሚነገረው ያኔ ነው። ካሜራ ያንን ትኩረት ይወስዳል።

ፋኖስ

የጠብታውን ትምህርት አላሰብኩትም ነበር። ትክክል ነው፣ ያ ይቅደም። ታዲያ ታሪኩ በምን ይጠንክር?

ሲስተር_ዘ

@ፋኖስ ፈሪው ሰው የሚፈራው ዝርዝሩን ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ያጠነክረዋል። እነዚህን ጠይቅ፦ ለምን ያህል ጊዜ ሳይመጡ ቆዩ፣ ምን ያዛቸው? ማን ይዟቸው መጣ? ማደንዘዣው ሲሰጥ ምን ተሰማቸው? ቀዶ ሕክምናው ላይ ነቅተው ሳለ ምን አዩ፣ ምን ሰሙ? ማታውን እንዴት ተኙ? ጠብታውን ማን አደረገላቸው፣ ስንት ጊዜ? ዛሬ ምን መሥራት ቻሉ፣ ምንስ አሁንም ያስቸግራል?

የመጨረሻው ጥያቄ አይቀር። ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለንባብ መነፅር የሚያስፈልገው ብዙ ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በቀዶ ሕክምናው ከተተካው ሌንስ ኋላ ያለው ሽፋን ደብዝዞ በሌዘር የሚከፈትበትም አለ። ታሪኩ ይህን ከነገረ፣ ሁለተኛ የደበዘዘበት ሰው «ሞራው ተመለሰብኝ» ብሎ ከመቅረት ይልቅ ይመጣል።

የሰነድ_ክፍል

በቁጥሩም እውነተኛ እንሁን። ካርዱ ላይ ከ6/60 ወደ 6/18 ከሆነ «ዓይነ ስውር ነበር፣ አሁን ፍጹም ያያል» አይጻፍ። ሁለቱም ስህተት ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ዓይነ ስውርነት የሚባለው የተሻለው ዓይን እይታ ከ3/60 ሲያንስ ነው። «የሰው ፊት ከመንገድ ማዶ መለየት ጀመሩ» ማለት ይበቃል፣ ታካሚው ራሱ ካለ።

የግላኮማ ታሪክም ይነገር እንጂ። የጠፋው እንደማይመለስ፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት እንደሆነ የሚናገር ሰው ለቤተሰቡ ሁሉ መመርመሪያ ምክንያት ይሆናል። ክሊኒኮች ይህን የሚሸሹት ደስ ስለማይል ነው፤ ለኔ ግን ከሞራው ታሪክ ይልቅ አስፈላጊው እሱ ነው።

አዲስ_ጀማሪ

አንድ ጥያቄ ብቻ። ሰዎች በክሊኒኩ ገጽ ላይ ራሳቸው አስተያየት ሲጽፉስ? «እናቴን እዚህ ነው ያከሙልኝ» ዓይነት።

የሰነድ_ክፍል

«እናትዎን በማከማችን ደስ ብሎናል» ብለህ አትመልስ፤ ታካሚ መሆኗን አረጋገጥክ ማለት ነው። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» በቂ ነው። ቅሬታ ከሆነም በአደባባይ ካርድ አይገለጥም፤ ስልክ ስጥና በግል ተነጋገሩ።

ፈቃዱን ያነሳ ሰው ካለ ምክንያት አይጠየቅም። ከግድግዳው በዚያው ቀን፣ ከገጹም በዚያው ቀን ይውረድ። ነገር ግን ሌሎች ያስቀመጡትን ቅጂ ክሊኒኩ መመለስ አይችልም፤ ይህ ገና ሲፈርም በቃል ሊነገረው ይገባል። ልጅ ከሆነ ወላጁ ይፈርማል፣ ልጁም ራሱ ይጠየቃል፤ ልጁ እምቢ ካለ ፊርማው ቢኖርም ይቅር።

ብሌን_02

የፈቃድ ወረቀቱ ከሕክምና ካርዱ ጋር ነው ወይስ ለብቻ የሚቀመጠው?

የሰነድ_ክፍል

ለብቻ፣ በተቆለፈ መሳቢያ። ካርዱ ላይ የወረቀቱ ቁጥር ብቻ ይጻፍ። ፎቶውም በሠራተኛ የግል ስልክ ላይ አይደር፤ በክሊኒኩ መሣሪያ ይነሳ፣ ወደ ማኅደሩ ሲገባ ከመሣሪያው ይጥፋ። የወረቀቱ ቁጥርና የፎቶው ስያሜ አንድ ይሁን፤ አንድ ሰው «አንሱልኝ» ሲል የትኛው ፎቶ የትኛው ግድግዳ ላይ እንዳለ የሚገኘው በዚያ ነው።